ከሰርግ ካርዱ ግርጌ

ሚስከርን የሚያውቁ ሁሉ «ከ‹ሓዲር› ሌላ ዐረብኛ አልተማረችም» ይሏታል። ውሸት ነው፤ ዐረብኛውን እንደ ውኃ ነው የምትጠጣው። ይሁን እንጂ ሐሜቱ ጨርሶ መሠረት የለውም አይባልም። አሠሪዋ ማዳም ቢልቂስ «ምንጣፉን አንሺው» ስትላት «ሓዲር»፣ እሺ ታዛዥ ማለቷ ነው፣ «ማን አንሺ አለሽ?» ስትላትም «ሓዲር» ነው። ከጎን ካለው ቤት የምትሠራው ዚነት፣ እሷ መቼም አፏ አያርፍም፣ «መለከል መውት ነፍስሽን ሊወስድ ቢመጣ ‹ሓዲር› ብለሽ በር ከፍተሽ፣ ውኃ ታቀርቢለታለሽ» ትላታለች። ሚስከር አትስቅም። አትቆጣምም። «ቀዝቃዛ ነው ወይስ ለብ ያለ የሚወደው?» ትልና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

ጅዳ፣ ሩዋይስ ወዳለው ወደዚህ ቤት ስትገባ የማዳም ልጅ ሂባ ገና ግድግዳ ይዛ የምትቆም ሕፃን ነበረች። ሚስከርም በዚያው ልክ ግድግዳ ይዛ የምትቆም ልጅ ሀገር ቤት፣ ሐርቡ፣ እህቷ ዘንድ ትታ ነው የመጣችው። ሁለቱ ልጆች እኩል አደጉ፤ አንዷ በእጇ፣ አንዷ በስልክ። በመካከሉ ሀገር ገብታ ተመልሳለች። ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ሲታደስ ሀገር ቤት የምታሠራው ቤት ግድግዳው ቆመ፣ እንደገና ሲታደስ ቆርቆሮው ተመታ፣ እንደገና ሲታደስ አጥሩ ቀረ እየተባለ ዕድሜ የሚባለው ነገር ሄደ። ዐምና ልጇ ራሕመት ተዳረች። ሰርጉም በሲዲ መጣላት። ማዳም ገበያ የወጣች ቀን፣ የማዳምን ባል የባባ ቱርኪን ቶብ እየተኮሰች አየችው። እንባ ይመጣል ብላ ሶፍት አጠገቧ አስቀምጣ ነበር። ሙሽራዋ ገባች፣ ሙሽራዋ ወጣች፣ ሴቶቹ እልል አሉ፣ እህቷ በእናት ቦታ ቆማ መረቀች። እንባው አልመጣም። ሲዲው ሲያልቅ በሶፍቱ የካውያውን ሥር ጠረገችበት።

ሂባን የመካው ሰው አዲል አጫት። በታጨች ሰሞን ወጥ ቤት ገብታ የሚስከርን ወገብ ከኋላ አቀፈችና፣

«ዳዳ፣ በሰርጌ ቀን ሥራ የለሽም» አለች። ሂጃዞች ሞግዚትን «ዳዳ» ነው የሚሉት። «ቀሚስ ለብሰሽ፣ እንደ ማንኛዋም እንግዳ ሆነሽ፣ ከአክስቶቼ ጋር ነው የምትቀመጪው።»

ይህን ስትሰማ ሚስከርን አንድ ነገር ሆዷን ነካት። አንድ ነገር መፈለግ ከተወች ብዙ ዘመን ስለሆናት መጀመሪያ ቁርጠት መሰላትና ዝንጅብል አፈላች። ቁርጠት አልነበረም። በልጇ ሰርግ ያልተቀመጠችውን በዚህች ሰርግ መቀመጥ አምሯት ነው። ሌላ ምንም አይደለም፤ መቀመጥ ብቻ። ሰው «ብዪ እንጂ፣ ጠጪ እንጂ» እያላት እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ መቀመጥ።

ዕረፍት ባገኘችበት ጁሙዓ ከዚነት ጋር አል-ባላድ ወርዳ ሐምራዊ ጨርቅ ገዛች፤ ደረቱ ላይ ብልጭልጭ ያለበት።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች ዚነት ጨርቁን በሁለት ጣቷ አንሥታ። «ሙሽራዋ አንቺ ነሽ እንዴ?»

«እንግዳ ነኝ።»

«እንግዳማ ሁላችንም ነን፤ ኢቃማችን ላይ ተጽፏል። ለመሆኑ ሰርግ ቤት ተቀምጠሽ ታውቂያለሽ? ሰሐን ስታዪ እጅሽ ብድግ ይልና ታሳፍሪናለሽ።»

«እጄን እቀመጥበታለሁ» አለች ሚስከር።

የጥሪ ካርዱን በእጃችን እንሥራው ያለችው ሂባ ናት። ኮምፒዩተር ላይ አይታ ነው። ወረቀቱ የወየበ፣ ጠርዙ የተቀዳደደ፣ መሐሉ ላይ ከሴት አያት ሣጥን የወጣ የሚመስል ፎቶ የተለጠፈበት ካርድ። «ቪንቴጅ ነው የሚባለው፣ ዳዳ» አለች። ሚስከር የሰማችው «ቢንት ታጅ» ብላ ነው፤ ዘውድ የደፋች ልጅ ማለት ነው ብላ ስሙን ወደደችው። ኋላ ሲገባት ግን ነገሩ አዲስ ወረቀት ገዝቶ አሮጌ ማስመሰል ሆኖ ተገኘ።

ማዳም ቢልቂስ ራሷን ይዛ ጮኸች። «እኛ አሮጌውን የምትጥል ሠራተኛ ቀጥረን፣ አንቺ አዲሱን ታስረጂብናለሽ? አዲል ቤቶች ምን ይላሉ? ‹ወረቀቱን አይጥ ሸንቶበታል› ነው የሚሉት!»

«እማማ፣ ፋሽን ነው።»

«ፋሽኑ ድህነት ከሆነ አባትሽ ለምን ይሠራል?»

ግን ሂባ የቤቱ አንዲት ልጅ ናት፤ ያለችው ሆነ። ከዐሥር ሶላት በኋላ ሁለቱ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ይዘው ይቀመጣሉ፤ ማለት ሂባ ትቀመጣለች። መጀመሪያ ፎቶውን በቤቱ ማሽን አትመው ላዩን በሻይ ቀቡት። ቀለሙ ሟሟና የሂባ ሕፃን ፊት ጢሙ የተንዠረገገ ድመት ሆነ። ሂባ እስክትንፈራፈር ሳቀች። ሁለተኛውንም ቀቡት፤ እሱ ደግሞ የባባ ቱርኪን ወንድም መሰለ። ከዚያ በኋላ ነገሩን ገለበጡት፤ ባዶውን ወረቀት ቀድመው ነከሩት። ሚስከር ሻዩን እስኪጠቁር ድረስ ታፈላና በኬክ መጋገሪያው ትገለብጠዋለች፤ ወረቀቱን ታስተኛበታለች፤ ሲጠግብ በሁለት እጇ አንሥታ ሰገነቱ ላይ፣ ከባባ ቱርኪ ካናቴራ ጎን በልብስ መቆንጠጫ ትሰቅለዋለች። ሲደርቅ ጨርቅ አልብሳ ትተኩሰዋለች። ከዚያ አል-ባላድ ያለው የህንዱ ፎቶ ቤት ያትምበታል። ተመልሶ ሲመጣ ጠርዙን በማስመሪያ ይዘው ይቀድዱታል፤ በጆንያ ክር ያስሩታል። እውነትም ያረጀ ነገር መሰለ። ሚስከር እጇን ባየችው ቁጥር ጣቶቿም ወይበው ነበር፤ ብታጥበው አይለቅም።

የትልቅ ሴት ፎቶ በካርድ ላይ ማውጣት ነውር ስለሆነ የሙሽሮቹ የልጅነት ፎቶ ይሁን ተባለ። የአዲል በግመል ላይ ሆኖ የሚያለቅስበት ተገኘ። የሂባ ደግሞ ባሕሩ ዳር፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ቆማ አይስክሬም አፍንጫዋ ላይ የቀባችበት። ትከሻዋ ላይ እንዳትወድቅ የያዛት አንድ እጅ አለ። ባለእጇ የለችም፤ ባባ ቱርኪ ሲያነሣ ከፎቶው ውጭ አስቀርቷታል።

«ዳዳ! ይቺ እኮ ያንቺ እጅ ናት!» አለች ሂባ።

ሚስከር ጎንበስ ብላ አየችው። ወፍራም፣ ለስላሳ፣ የልጅ እግር ሴት እጅ ነው። የማታውቀው ሰው እጅ ነው የመሰላት።

«ቁረጡት» አለች ማዳም ከበሩ ላይ። «ሰው ‹ይኼ የማን እጅ ነው?› ሲል ምን ልንል ነው?»

እጁን መቁረጥ የሂባን ትከሻ መቁረጥ ሆነ። ስለዚህ መላ ተፈለገና፣ እጁ ባለበት ላይ ትንሽ የደረቀ የፉል፣ የጃስሚን ዓይነት፣ አበባ ይለጠፍ ተባለ። ያምራልም። የመለጠፉ ሥራ የሚስከር ሆነ። ሙጫውን ጠብ ታደርጋለች፣ አበባውን ታስቀምጣለች፣ በአውራ ጣቷ ትጫነዋለች፤ ቀጥሎ ወዳለው።

ዚነት ሰምታ ደረቷን መታች። «በገዛ እጅሽ የገዛ እጅሽን ቀበርሽው!»

«አልቀበርኩትም» አለች ሚስከር። «አበባ ነው ያደረግኩበት።»

ካርዱ ሊያልቅ ሲል ሂባ ከአል-ባላድ የተቀረጸች አንዲት የጎማ ማኅተም ይዛ መጣች። «ከግርጌው፣ እዚህ ጋ ምቺልኝ» ብላ አንዱን አሳየቻትና ስልኳ ጠራት፤ ወጣች።

ሚስከር ማኅተሙን አገላብጣ አየችው። ጽሑፉ ቅርንጫፍ የበዛበት፣ እርስ በርሱ የተጠላለፈ፣ የባለ ጸጋ ጽሕፈት ነው። እሷ ልጅ ሆና ሐርቡ መድረሳ ሄዳለች። ፊደሉን ታውቃለች፤ ቁርኣን ታነባለች፤ በገበያ ጽሑፍ ላይ ግን ዓይኗ ይደናበራል። ቢሆንም ጣቷን አስኬደች። ጂም። ኑን። ታ። ጀነት! ከዚያ ወዲያ ያለው እንደ ትል የተጠማዘዘ ነው፤ አልገፋችበትም። ምን ያስፈልጋል? ጀነት ብሎ የሚጀምር ነገር መጨረሻው መልካም ነው። ለሙሽሮቹ ዱዓ ነው አለች። ተነሥታ ለሶላት እንደምትታጠበው ታጥባ ዉዱእ አደረገች። ተመልሳ ወደ መካ በሚሄደው በያንዳንዱ ካርድ ላይ «ቢስሚላህ» እያለች መታች።

ስትመታ የተበላሸውን ቁራጭ ቆሻሻ ውስጥ አልጣለችም፤ ጀነት የሚል ነገር ከሽንኩርት ልጣጭ ጋር አይጣልም። በንጹሕ ሻሽ ጠቅልላ ከቁርኣኗ ሥር አስቀመጠችው። አንዱን ቁራጭ ደግሞ ራስ ምታት ለሚነዘንዛት ለዚነት ሰጠቻት። ዚነት ሳመችውና በጨርቅ ሰፍታ፣ ክታብ አድርጋ አንገቷ ላይ አሰረችው።

ሰርጉ ሳምንት ሲቀረው ማዳም ቢልቂስ የአዳራሹን ወንበር ቀለም ልታይ ወደ መካ ሄደች። ሚስከርም ለአዲል ቤተሰብ የሚሰጠውን የካርድ ሣጥን ተሸክማ ተከተለች። አዳራሹ ዓዚዚያ ሰፈር ነው። የሐጅ ወቅት ስላልሆነ የእንግዳ ማረፊያዎቹ መስኮታቸውን ዘግተው ያንጎላጃሉ። ማዳም ወደ ውስጥ ገብታ ስለ ወንበር ስትከራከር፣ ሚስከር የሴቶቹ መግቢያ ላይ ቀረች። እዚያ አንዲት ወይዘሮ ባንኮኒው ጋ ተቀምጣ የዱባ ፍሬ ትፈለፍላለች። በሰርግ ቀን የሴቶቹን ካርድ የምትቀበል፣ ካሜራ ያለው ስልክም ተረክባ የምታስቀምጥ በረኛ ናት። ሚስከርን ትክ ብላ አየቻትና፣

«ሐበሻ?» አለች፤ ቀጥላም በአማርኛ፣ «እንዴት ነህ… ነሽ! ነሽ! አባቴ ይቺን ስሕተት በጥፊ ነበር የሚለኝ።»

ስሟ ዘሀራ ነው። አባቷ የወረባቦ ሰው ነበሩ፤ ለሐጅ መጥተው እዚሁ የቀሩ። እሷ እዚህ ተወልዳ፣ እዚህ ተድራ፣ እዚህ አርጅታለች።

«አማርኛዬ ሹወያ ሹወያ ነው» አለች። «ስድቡን ግን በሙሉ ነው የማውቀው።»

ሚስከር ከሰው ጋር ለመጫወት የማትቸኩል ሴት ናት። የዚያን ቀን ግን አንድ ሐሳብ ነበራት። ሰርጉ ላይ ስትቀመጥ ያንን ዱዓ በቃሏ እንድትለው፣ ሙሉውን ልታውቀው ትፈልጋለች። አንድ ካርድ ከሣጥኑ መዘዘችና ግርጌውን በወየበ ጣቷ አመለከተች።

«እትዬ፣ ይችን ዱዓ አንብቢልኝ እስቲ። ጀነት የሚለው ድረስ ደርሻለሁ።»

ዘሀራ መነጽሯን አደረገች። አነበበችና ፍርስ ብላ ሳቀች። «ይኼማ ዱዓ አይደለም፣ ያ ሚስኪና! ‹የልጆች ጀነት ቤታቸው ነው› ነው የሚል። ልጅ ይዛችሁ እንዳትመጡ ማለት ነው። ሰው እንዳይቀየም በጀነት አሳመሩት።»

«እሱ ብቻ ነው? ረዥም ነው እኮ።»

ዘሀራ ወደ ጽሑፉ ተመለሰች። ሳቋ ቆመ። ቀና ብላ የሚስከርን ዐባያ፣ ሣጥኑን፣ እጇን አየች።

«ሌላው… እንዲያው ነው። የሰርግ ወሬ ነው።»

«ግዴለም፣ አንብቢልኝ።»

«‹ኻዲማትንም ስለማንቀበል ይቅርታ› ይላል።» ቶሎ ብላ አከለችበት። «ኻዲማት ማለት የቤት…»

«ቃሉን አውቀዋለሁ» አለች ሚስከር።

ከውስጥ የማዳም ድምፅ ይሰማል፤ ወርቃማ ይሁን ብያለሁ፣ ይኼ ወርቃማ አይደለም፣ ይኼ ሰናፍጭ ነው።

«ማን ነው ይሄን ሁሉ የመታው?» አለች ዘሀራ።

«እኔ።»

«አንቺ ራስሽ?»

«በቢስሚላህ» አለች ሚስከር። «በዉዱእ።»

ዘሀራ መነጽሯን አወለቀች። የተፈለፈለ ፍሬ በመዳፏ ዘረጋችላት። ሚስከር ተቀበለች፣ በላች። ጨው በዝቶበታል። ምን ሊሰማኝ ነው ብላ ጠበቀች፤ ከጨዉ በቀር የተሰማት ነገር የለም። «ሣጥኑን የት ላድርገው?» አለች።

ወደ ጅዳ ሲመለሱ ማዳም መንገዱን ሙሉ ስለ ወንበሩ አወራች። ሚስከር የሚያዛት ሰው ሳይኖር ሁለት ጊዜ «ሓዲር» አለች። ማዳም ዞር ብላ፣ «ምን አልኩሽ?» አለቻት።

የጅዳ እንግዶች ካርድ ገና አልተመታም ነበር። በማግሥቱ ማኅተሟን አወጣችና ቀጠለች። ቢስሚላህ ማለቱን ብቻ ተወችው።

ዚነት ነገሩን ስትሰማ እጇ ወደ አንገቷ ሄደ። «እና ይኼ… ይኼ ክታቤ… ‹ሠራተኛ አይግባ› ነው የሚለው?»

«አዎ።»

«ራስ ምታቴን ግን ለቆኛል እኮ!»

«ተይው በቃ። ከሠራ ሠራ።»

ዚነት ሊስቃትም ሊያለቅሳትም ቃጥቷት አንዱንም ሳታደርግ ቀረች። «አንቺ ልጅ፣ ትናገሪያለሽ ወይስ እኔ ልሂድ? ሂጂና ጠይቂያት! ያሳደግሻት ልጅ ናት፤ ንጠቂ አላልኩሽ፣ ጠይቂ!»

ጠየቀች። ሂባ ከንፈሯን እየነካካች መስታወት ፊት ቆማ ነበር።

«ሂባ፣ ለእኔ ካርድ አለኝ?»

«ዳዳ!» አለች ሂባ ዞራ። «አንቺን ካርድ ምን ያደርግልሻል? የቤት ሰው አይደለሽ እንዴ?» ከልቧ ነው ያለችው፤ ክፋት የለባትም። «ማኅተሙን አይተሽው ነው? የአዲል እናት ነች ያዘዘችው። አዳራሹ የነሱ ነው። ምን ላድርግ? አንቺ ግን ከእኔ ጋር ትገቢያለሽ።»

ከእሷ ጋር መግባት ምን ማለት እንደሆነ የነገረቻት ማዳም ናት። «የሙሽራዋ ክፍል ትሆኛለሽ። ቦርሳና ወርቅ ትጠብቂያለሽ። ምሳሽን ከእራትሽ ጋር እዚያው አስመጣልሻለሁ፤ በልተሽ ተኚ ከፈለግሽ።»

«ሓዲር» አለች ሚስከር።

በዚያ ሳምንት ሚስከር በዚያ ቤት አድርጋ የማታውቀውን አደረገች። ከተረፈው ወረቀት አንድ ሳታስፈቅድ ወሰደች። ክፍሏ ውስጥ ተቀምጣ ጠርዙን ቀደደች፣ ክሩን አሰረች። አበባ አልለጠፈችበትም። ማኅተሙንም አልመታችበትም፤ የሚያስወጣትን ነገር ራሷ ላይ እንዴት ትመታ? ሐምራዊው ቀሚስ ውስጥ አጠፈችው።

የሰርጉ ዕለት ሁሉም እንደተባለው ሆነ። ሂባን አለበሷት፣ ኳሏት፣ ዘይት ቀቧት። ወደ መድረኩ መግቢያ ሲወስዷት ሚስከር ከዕቃው ጋር ቀረች። ክፍሉ ወደ አዳራሹ የሚያስገባ በር አለው፤ ገፋ ብታደርገው ይከፈታል። እሷ ግን በሱ አልገባችም። የሠራተኛ በር ነው። ክፍሉን ቆለፈች፣ ቁልፉን ደረቷ ውስጥ ከተተች፣ ሕንፃውን በውጭ ዞረች። እንግዳ የሚገባው በፊት በር ነው።

ሰልፍ ነበር። ሽቶ በሽቶ የሆኑ ሴቶች ካርዳቸውን እየሰጡ፣ ስልካቸውን እያስረከቡ ይገባሉ። ዘሀራ ቅርጫት ይዛ ትቀበላለች። ከጎኗ የአዲል አክስት ቆማ እንግዳ ትስማለች። ሚስከር ዐባያዋን አወለቀች። ሐምራዊው ቀሚስ ብልጭ አለ። ካርዷን ዘረጋች።

ዘሀራ ካርዱን አየች፤ እሷን አየች። «ከሙሽራዋ ወገን ናት» አለች በዐረብኛ፣ ቶሎ ብላ፤ ካርዱንም ወደ ቅርጫቱ ልትጥለው ነበር።

«ቆይ እስቲ» አለች አክስትየዋ ካርዱን ተቀብላ። ገለበጠችው። «ማኅተሙ የታለ? የኛ ካርድ ሁሉ ከግርጌው ማኅተም አለው። ዛሬ በኮፒ የመጡ ሁለት ሴቶች መልሰናል።» ደግ ሴት ናት፤ ፊቷን አላጠቆረችም። «ይቅርታ እህቴ፣ ስምሽን ንገሪኝና ከውስጥ ላስጠይቅልሽ።»

ከውስጥ የምትመጣው ማዳም ቢልቂስ ናት። ሚስከር ይህን አሰበች። ከኋላዋ ያለችው ሴት ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አይ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አለችና ከሰልፉ ወጣች።

ጥግ ላይ ዐባያዋን ስትፈልግ ዘሀራ ቅርጫቷን ለአክስትየዋ ትታ ተከትላት መጣች።

«ምናለ ብትመቺው?» አለች በአማርኛ፣ በሹክሹክታ። «ማኅተሙ ከሌለ የውሸት ካርድ ነው ብለውኛል እኮ!»

«ካለው ደግሞ አትግቢ ይላል።»

«ወላሂ እውነትሽን ነው» አለች ዘሀራ። አሰበች። «ስሚኝ፤ በዚያ በኩል ቸኮላት የሚያዞሩት ይገባሉ። አንድ ትሪ ያዢና ግቢ። ትሪ የያዘን ሰው ማንም አይጠይቅም። ስትገቢ አስቀምጪውና ወንበር ፈልገሽ ቁጭ በይ። ኸላስ!»

«እሺ» አለች ሚስከር።

ትሪ ይዛ ገባች። እውነትም ማንም አልጠየቃትም። አዳራሹ እንደ ቀን ያበራል፤ ዳንኪራውና ከበሮው ወለሉን ያንቀጠቅጠዋል። ሂባ ከፍ ያለው የሙሽራ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ቀሚሷ ደረጃውን ሸፍኖታል። ሚስከር የአክስቶቹን ጠረጴዛ አየችው። አንድ ወንበር ባዶ ነው። ወደዚያው ሄደች። ትሪውን ልታስቀምጥ ጎንበስ ስትል አንዲት እጅ ቸኮላት አነሣች። ሌላም አነሣች። «ነይ እስቲ ወደዚህ» አለች ሦስተኛዋ ከማዶ። ሄደች። እዚያም «ነይ» ተባለች። ዚነት እንዳለችው እጇ በራሱ ይዘረጋል። ተመልሳ ስትመጣ ባዶው ወንበር ላይ ቦርሳ ተቀምጦበታል። ቦርሳውን አንሡልኝ ማለት ይቻል ነበር። አላለችም፤ ቆማ ቦርሳውን አየችው። ጥሩ ቦርሳ ነው።

«ዳዳ!»

ሂባ ናት፣ ከላይ። ፊቷ በቀለም ሌላ ሰው ሆኗል፤ ድምፁ ግን ያው ነው። «ዳዳ፣ የት ጠፋሽብኝ? ነይ፣ ነይ ቶሎ!»

ሚስከር ደረጃውን ወጣች። ሂባ በፈገግታዋ ሥር፣ ለእንግዶቹ እጇን እያወዛወዘች፣ «ጫማው ገደለኝ» አለች። «ማንም ሳያይ ፍቺልኝ። ካንቺ በቀር ለማን እላለሁ?»

ሚስከር ትሪውን አኖረች። ተንበረከከች። ከቀሚሱ ሥር እጇን ሰድዳ ማሰሪያውን በዳሰሳ አገኘችው። የሂባ እግር አብጧል። ፈታችላት። ሂባ እፎይ አለች፤ ጎንበስ ብላ ራሷን ሳመቻትና «አትሂጂ፤ ልነሣ ስል ታስሪልኛለሽ» አለች።

አልሄደችም። ከቀሚሱ ኋላ፣ ከወንበሩ እግር ጎን ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ሆና የሚታየው በቀሚሱና በወንበሩ መካከል ያለ ትንሽ ክፍተት ነው። ሊስሟት የሚመጡት ሁሉ በዚያ ያልፋሉ። ወርቃማ ጫማ፣ ብርማ ጫማ፣ ተረከዙ የላላ፣ ጣቱ ያበጠ። ላይ እልልታው ይቀልጣል። አሁን ይመጣ ይሆን ብላ ጠበቀች፤ ደስታም ሆነ ለቅሶ፣ የመጣው ይምጣ። ወለሉ እብነ በረድ ስለሆነ ቅዝቃዜው በሐምራዊው ጨርቅ አልፎ ተሰማት። ሌላ የመጣ የለም። ሂባ ልትነሣ ስትል አሠረችላት። ስትቀመጥ ፈታችላት።

እንግዶቹ ተሸኝተው ወርቁንና ቦርሳውን ወደ መኪናው ስታመላልስ፣ ዘሀራ የቀሩትን ስልኮች ለባለቤቶቻቸው እየመለሰች ነበር። ካርድ የሞላው ቅርጫት እግሯ ሥር ነው።

«እህስ?» አለች። «ሰርጉ እንዴት ነበር?»

ሚስከር ሻንጣውን መሬት አድርጋ አሰበች፤ ስትጠየቅ አስባ ነው የምትመልሰው።

«ጫማ ብዙ ነበር» አለች።

ዘሀራ ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ቀጥ አለና፣ «ተቀመጥሽ ግን?» ብላ ጠየቀቻት።

«ተቀመጥኩ።»

ውሸትም አይደለም። ሻንጣውን አነሣች፤ ማዳም ከመኪናው ውስጥ ጥሩምባ እያስነፋች ነበር።